ቢቀመስም አይጎዳም

«ምላሴ ከበደኝ፣ እታለም» አለ ወንድሟ። ቀልዱ መስሏት ሳቀች። ቀና ብላ ስታየው ግን ከንፈሩ ተነፋፍቶ ዐይኑ ሊከደን ደርሷል። ክው አለች።

ወንድሟ ሹፌር ነው። ከዓሣ ማቀነባበሪያው የሚጣለውን፣ ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቅርፊት ጭኖ እሷ ወደምትሠራበት ወርክሾፕ ሲመጣ የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ኬሚስት እህት ያለችው ሰው መቼም ሳይጎበኝ አይሄድም። ሌሎች ቅርፊቱን በሚያቃጥል አሲድ እንደሚያሟሙት፣ እነሱ ግን ከእፅዋት በተሠራ ፈሳሽ እንደሚቀቅሉት፣ የሚቀረውም ነጭ ነገር ለቁስል መሸፈኛ እንደሚሆን በኩራት አስረዳችው። እሱ «ኬሚካል ያው ኬሚካል ነው» ብሎ አሾፈባት። እልህ ያዛትና «መርዝ አይደለም» ብላ፣ ለገዢዎች እንደምታደርገው ጣቷን የቀዘቀዘው ፈሳሽ ያለበት በርሜል ውስጥ ነክራ ላሰች። እሱም ከእህቱ ላለማነስ ላሰ።

ከአለቃዋ ጋር ደግፈው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ክሊኒክ አስገቡት። ትንፋሹ ያፏጫል።

«ምን ቀመሰ?» አለች ሐኪሟ።

«መርዝ አይደለም። ይኸው እኔም ቀምሻለሁ።»

«ስላንቺ አልጠየቅኩሽም። ምን አለበት?»

መዘርዘር ጀመረችና ቆመች። ፈሳሹ እየተጣራ ደጋግሞ ያገለገለ ነው፤ ቅርፊቱ የለቀቀው ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ሽሪምፕ ደግሞ በቤታቸው ገበታ ቀርቦ አያውቅም። እንደማይስማማው ማን ይወቅ?

«ሽሪምፕ» አለች። «ሽሪምፕ አለበት።»

ሐኪሟ «አለርጂ ነው» አለችና መርፌውን ጭኑ ላይ ወጋችው። ደቂቃው ዓመት ሆነባት። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ሰከነ፤ ወንድሟም አንድ ዐይኑን ገለጠ።

«መርዝ አይደለም አላልሽኝም?»

«ለእኔ አይደለም» አለች። እንባዋ ቀደማት።

አለቃዋ «እንኳን ተረፈ» ካሉ በኋላ ስልካቸውን አዩ። ዛሬ የሚጠበቁት ገዢዎች ወርክሾፑ ደርሰዋል። ቅምሻውን ያመጣችው እሷው ነች፤ ያለ እሱ ማንም ውል እንደማይፈርም ሁለቱም ያውቃሉ። እሳቸው ግን ከዛሬ በኋላ እንተወዋለን እያሉ ለመኗት።

«ካልቀመስሽ ማን ያምነናል? አንዴ ብቻ ቅመሽላቸው» አሉ።

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋችና ተቀመጠች።

«አልቀምስም። ሰው ሊሞትብን ነበር ብለው ይንገሯቸው። ካላመኑ እዚህ ይምጡና ከንፈሩን ይዩ።»