ከበር የተመለሰ ምሳ ዕቃ

ማስተር ፕላን የተባለው ነገር አገሩን ካመሰው ወዲህ የፉሪ መንገድ አንድ ቀን ቢከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። ትምህርቷ የተቋረጠባትን ላሊሴን ጃቫ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስተምራት ግቢያቸው ውስጥ የተከራየው ሙሐመድአሚን ነው። ሰውየው ሰፈሩ በጎማ ጭስ ቢታፈንም ወሬው ስለ ሜተድ፣ አንድ ሥራ ለይቶ ስለሚሠራው የፕሮግራም ክፍል ነው።

«ሜተድ የሚፈልገውን በፓራሜትር፣ በመግቢያው በኩል ታቀብይዋለሽ» አላት ትናንት። «ውስጥ ገብተሽ አታይም። ሥራውን ሲጨርስ ሪተርን ያደርግልሻል። ቁጥር እመልሳለሁ ካለ ቁጥር ይመልሳል።»

«የተሳሳተ ቁጥር ቢመልስስ?»

«ኮዱን የሚያጣራው ኮምፓይለር ምን አገባው! ቁጥር መሆኑን እንጂ ልክ መሆኑን አያይም። እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ገባት። ድሮ ቢሆን በደስታ ትዘል ነበር። ወንድሟ ያደታ ከሰልፍ ተይዞ ሰበታ አንድ ግቢ ከታሰረ ወዲህ ግን ደስታውም ሐዘኑም አልሰማ ብሏታል። እሱን ማየት ክልክል ነው። ስሙን ተናግራ ምሳ ዕቃውን ለዘበኛው ትሰጣለች፤ ዕቃው ተመልሶ ይወጣል። በሕይወት መኖሩን የሚያውቁት በዚያ ነው።

እናታቸው ወርቅቱ ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገቻቸው። ያደታም እስር ቤት ሆኖ እንኳ አልተወውም፤ ሁልጊዜ አንዲት ቁራሽ እንጀራ አስቀርቶ ይልካል። ወርቅቱ ቁራሿን ስማ ትጎርሳትና «ልጄ አለ» ትላለች።

ዛሬ የተመለሰው ዕቃ ቀለላት። እዚያው በሩ ላይ ከፈተችው። ሙልጭ ብሏል።

«ኦቦ፣ እሱ ራሱ ነው የበላው?»

«ዕቃሽ ተመለሰልሽ አይደል? ምን ትፈልጊያለሽ!» አለና ዘበኛው ቀጣይዋን ሴት ጠራ።

እውነቱን ነው፤ ዕቃ ተብሎ ዕቃ ተመልሷል። ልክ አለመሆኑን የምታውቀው እሷ ናት። ሚኒባስ ውስጥ ለእናቷ የምትለውን ስትፈልግ ፉሪ ደረሰች።

ወርቅቱ ክዳኑን ከፍታ አየች።

«ርቦት ነው» አለች። «ጨርሶ በላልኝ።»

«አዎ፣ አዴ። ጨርሶ በላ።»

እሱ ቢበላው ቁራሽ ያስቀር እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሆድ ይፍጀው። ወርቅቱ ንጹሑን ዕቃ ደግማ አጠበችው።

«ለነገ እጥፍ እንሠራለን» አለች። «ማንም ይብላው፤ ምናልባት ለሱ ይተርፈዋል።»

ላሊሴ ተነስታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሽንኩርቱ እንኳ አላስነባትም።