የናሱ ቱቦ

ባለቶርኖው አባይነህ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቱግ ባይ ነበር እንጂ። አዲሱ ሐረር ውስጥ ብረት ያስቆረጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ማሽኑ ላይ ቆሞ ሲሳደብ ኖሯል፤ ግን አንድም ቀን የተበላሸ ብሎን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ይህ ሰው እንግዲህ ከዓለም ነገር ሁሉ መርጦ የወደደው ፀሐይን ነው። ምን ታደርገዋለህ!

ፀሐይን ዝም ብሎ ቀና ብሎ ማየት ዓይን ያጠፋል። አባይነህ ከውጭ በስንት ልመና ያስመጣት የመስታወት ማጣሪያ ነበረችው፤ ሌላውን ብርሃን ሁሉ አስቀርታ የሃይድሮጂንን ቀይ ብርሃን ብቻ የምታሳልፍ። ጀጎል ውስጥ ሰዓት የሚጠግነው ጓደኛው ሀሚድም የራሱ አንዲት ነበረችው። ለየብቻቸው ፀሐይን ቀይ ሳህን አድርገው ያሳያሉ፤ ገጿ ግን ይደበዝዛል። ሁለቱ ቢደረቡ ግን ዱቄትን ሁለት ጊዜ እንደ መንፋት ነው፤ ከመጀመሪያው ወንፊት ያመለጠውን ሁለተኛው ይይዘዋል። አባይነህ ሦስት ሳምንት ደክሞ ሁለቱንም የሚይዝ፣ ከቴሌስኮፑ ኋላ የሚገጠም የናስ ቱቦ በቶርኖ አወጣ። ማያ መስታወቱንም እዚያው ላይ ገጠመው። ቱቦው የሚዛን ድንጋይ ያህል ይከብዳል።

የሚያዩት ከሀሚድ ጣራ ላይ ነበር፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ምሥራቁም ክፍት ነው። በሀሚድ ሰፈር ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ጣራ የሚወጣ ሰው መሰላሉን ከመርገጡ በፊት «ጣራ ላይ ነኝ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። በየግቢው ራሷን የገለጠች ሴት ካለች ትሸፈናለች፤ ወይም ትገባለች። ሀሚድ ይህን ለአባይነህ ሰባ ጊዜ ነግሮታል።

ያን እሑድ ጠዋት ሀሚድ ታች ሆኖ አልጋ የያዙትን እናቱን ሳዳን መድኃኒት ያጠጣ ነበር። «ጠብቀኝ፣ አብረን እንወጣለን» አለው። መጠበቅ! ቅዳሜ ፀሐይ ጠርዝ ላይ ትልቅ ነበልባል ታይቶ ነበር፤ አባይነህ እስኪያየው ነፍሱ ተንጠልጥላለች። ቴሌስኮፑን ታቅፎ ወጣ። አንዴም አልጮኸም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ለሠራተኞቹ ሲተርት የሚውለው እኮ እሱ ራሱ ነው።

አየ። አቤት ምን አየ! የፀሐይ ገጽ እንደ ፍየል ጸጉር በተኛ ክር ተሸፍኗል፤ ጠርዟ ላይ ምድርን አሥር ጊዜ የሚውጥ ነበልባል ቆሟል። ግን አጠገቧ ሌላ የውሸት ፀሐይ ነበረች፤ ሁለቱ መስታወቶች እርስ በርስ ሲተያዩ የሚወልዷት። አንደኛውን በትንሿ ብሎን ዘንበል ማድረግ ያስፈልጋል። ቱቦውን ከቴሌስኮፑ ኋላ ነቅሎ ጎንበስ አለ።

ያ ሁሉ ናስ ሲነሣለት የቴሌስኮፑ ፊት ከበደና አፉ ቀስ እያለ ወደ ታች አዘነበለ። ወደ ጎረቤቱ ወደ አደም ግቢ። አባይነህ አላየም። እዚያ የአደም ልጅ ሀናን ጸጉሯን ትታጠብ ነበር። ቀና ስትል የቴሌስኮፕ አፍ ተደቅኖባታል። ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

በርበሬ ነጋዴው አደም በግንቡ ተንጠልጥሎ ዱላ ይዞ ወጣ። «አንተ ባለጌ! ልጄን?» ብሎ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ደገመ። የአባይነህ ግራ ክንድ ቀው ሲል ተሰማ። ሦስተኛው ዱላ ከመውረዱ በፊት አባይነህ ደሙ ፈልቶ በእጁ የያዘውን ናስ ወረወረ እንዳልል አልወረወረውም፤ ጨብጦ፣ በሙሉ ጉልበቱ፣ የአደም ግራ ዓይን ላይ አሳረፈው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። የመስታወት ይሁን የአጥንት አልለየውም። አደም በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ወደቀ፤ በጣቶቹ መሀል ደም ተንቆረቆረ።

ከዚያማ ድንጋይ ዘነበ። ሰው በመሰላሉም በግንቡም ወጣ። አባይነህን በእርግጫ ከጥግ ጥግ አንከባለሉት፤ ሁለት ጎድኑ ተሰበረ። ሀሚድ «ያ ረቢ! እንግዳዬ ነው! እንግዳዬ ነው!» እያለ ላዩ ላይ ተጋደመ። ለእንግዳው የመጣው ድንጋይ የሀሚድን አናት ፈነከተው። ፖሊስ ባይደርስ ሁለቱም እዚያው ይቀሩ ነበር።

የአደም ግራ ዓይን አልተረፈም።

የባሰው ለሀሚድ ነበር። ሰፈሩ «ጣራውን ለሴት ማያ አከራየ» አለ። ከአፎቻው ይሰረዝ ተባለ፤ አፎቻ ማለት ሠርግና ቀብር የሚያደርስ የሰፈሩ ማኅበር ነው። እናቱ ሳዳ ዛሬ ነገ እየተባሉ ነው። ከአፎቻ የወጣ ሰው እናቱን ከማን ጋር ይቀብራል? ሀሚድ ግን አባይነህን አልከሰሰም። የአፎቻው ሽማግሌ ሼህ ዩሱፍ ማን ሳይጮኽ እንደወጣ ሲጠይቁት «ጣራው የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው» አለ። አባይነህ ይህን ሐኪም ቤት ተኝቶ ሰማና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ሼህ ዩሱፍ ጋ ክንዱን አንጠልጥሎ ሄደ። «ሼህ፣ ሳልጮኽ የወጣሁት እኔ ነኝ። መሣሪያው ከፀሐይ በቀር ምንም እንደማያሳይ ደግሞ በዓይናችሁ እዩ» አላቸው። የሱ ማጣሪያ ደቅቃለች፤ የሀሚድ ግን ቱቦው ውስጥ ደኅና ተርፋለች።

አደምም ተጠራ። ሀሚድ ከመሰላሉ ሥር ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ አራቱም ወጡ። አባይነህ በአንድ እጁ ቴሌስኮፑን ወደ አደም ግቢ ደፍቶ፣ «መጀመሪያ ያለ ቱቦው ይዩ፤ ያን ዕለት ቱቦው በእጄ ነበር» አለ። ሼህ ዩሱፍ አዩ። «ጭጋግ ነው፤ ምንም አይለይም» አሉ። ቱቦውን ገጠመ። «አሁን አደም ይይ» አለ።

አደም ቀርቦ የቀረችውን ዓይኑን መስታወቱ ላይ አደረገ።

ድቅድቅ ጨለማ። አደም ጮኸ። ቤት የሚያፈርስ ጩኸት! «ይችንም አጠፋችኋት!» ብሎ ዞሮ የአባይነህን ጉሮሮ አነቀ። አባይነህ አልታገለም። ተንጋሎ ወደቀ፣ የተሰበረው ጎድኑ እንደገና ሲሰበር ተሰማው፣ ዓይኑ ፈጠጠ፤ እጁን ግን አላነሣም። ሀሚድና ሼህ ዩሱፍ ጎትተው አላቀቋቸው። ያኔ ነው አደም ቀና ብሎ ሰማዩን ያየው። ግንቡን አየ። ግቢውን፣ የሀናንን ባልዲ አየ። እጁን በዓይኑ ፊት ያወዛውዝ ጀመር፤ ዓይኑ ታያለች።

«ሱብሐነላህ» አሉ ሼህ ዩሱፍ። «ለካ ዕውር ነገር ነው። ሀሚድ ነጻ ነው፤ ከአፎቻውም አይሰረዝም።»

ሀሚድ ግንቡን ተደግፎ ተንሸራቶ ተቀመጠና ሻሹን ፊቱ ላይ ጣለ።

አደም ግን አልጨረሰም። «ልጄን አላየሃትም» አለ ለአባይነህ።

«አላየኋትም።»

«ታዲያ ለምን መታኸኝ?»

አባይነህ «አንተ ቀድመህ መታኸኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እውነትም ነበር። ግን ጉሮሮው ላይ የአደም ጣቶች ገና ይሞቁ ነበር።

«ስላፈርኩ» አለ። «ሳልጮኽ መውጣቴን አውቄዋለሁ። ዱላህን ሳይ እውነቱ ካንተ ጋ ነበር። እውነቱ ከኔ ጋ ቢሆን ኖሮ አስረዳህ ነበር።»

 አደም ዞሮ ወደ መሰላሉ ሄደና እግሩን ሰደደ። በአንድ ዓይን ርቀት አይለካም፤ እግሩ እርከኑን ስቶ አየር ረገጠ። አባይነህም ሀሚድም እጃቸውን ዘረጉለት። የሀሚድን ያዘና ወረደ። አባይነህ እጁን ሳያጥፍ እዚያው ቆመ።