«ጳጳስ» የሚለው ቃል ፍቺ

የቃላት መፍቻ መጽሐፉ መታተም ከጀመረ ወዲህ ጀርቪስ ፔንፎልድ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶታል። ቁርሱን ቆሞ ይበላል። ዳቦውን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ድንገት «አንድ ቃል ረሳሁ» ይልና ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይገሰግሳል። ልጁ ሲስሊ ኮፍያውን ይዛ ትከተለዋለች። የለንደን ሰፈርተኛ ለምዷቸዋል፤ ዓሣ ሻጯ ሳትቀር «የኔታ፣ ዛሬስ የቱ አመለጠዎት?» እያለች ታሾፍበታለች።

ጀርቪስ ድሮ የገጠር ደብር ቄስ ነበር። በአገልግሎት ጊዜ የሚለበሰውን ነጭ ካባ አልለብስም፣ የጳጳሱንም አዲስ ደንብ አልቀበልም በማለቱ ከደብሩም ከደብሩ ቤትም ተባረረ፤ ሚስቱም በዚያው ክረምት ሞተችበት። ከዚያ ለንደን ገብቶ ልጆች እያስተማረ ኖረ። ምእመናኑ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ ከባድ ቃላት ስብከት ላይ ሲሰሙ ግራ ተጋብተው ሲተያዩ አይቶ ነበርና፣ እነዚያን ቃላት ተራው ሰው በሚናገረው እንግሊዝኛ ሊፈታቸው ተነሣ። ያኔ ሲስሊ ልጅ ነበረች፤ አሁን ሠላሳን አልፋለች። ቃላቱን በፊደል ተራ የምታሰልፈውም፣ በጽዳት የምትገለብጠውም እሷ ናት። ከለንደን በወንዙ ቁልቁል፣ ግሬቭዘንድ በምትባል የወደብ ከተማ የሚኖረው የመርከብ ሸራ ሰፊ ሂዩ ማርለር ላግባሽ ሲላት «መጽሐፉ ይለቅና» ብላዋለች። ይህን ካለችው ቆይቷል። ሂዩ ታጋሽ ሰው ነው፤ በቅርቡ ሲመጣ ግን ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስሊም እንደ አባቷ እንቅልፍ አጥታለች።

«የኔታ፣» አለችው ማርጀሪ ታክዌል አንድ ቀን፣ ቀለም የነካ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ማተሚያ ቤቱን የወረሰችው ከሟች ባሏ ነው። «በከተማው ማዶ አንድ ሰውዬ እንደርስዎ ያለ መጽሐፍ እያሰናዳ ነው አሉ። እርስዎ በየቀኑ ቃል ሲያመጡልኝ እሱ ይቀድመናል።»

«ይቅደመና። የተሳሳተ ከሆነ ምን ያደርግለታል?»

«ይሸጥለታላ።»

ማርጀሪ ለመሽቀዳደም ስትል ሥራውን የጀመረችው የኅትመት ፈቃድ ሳይወጣ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው የጳጳሱ የመጻሕፍት መርማሪ ዶክተር ክሪስፒን ቬል ነው። አባትና ልጅ ሲጠሩ ፖም እየላጠ ጠበቃቸው። ክፉ ሰው አይመስልም።

«ደግ ሥራ ነው፤ እህቴ ይህን ብታገኝ ደስ ይላታል» አለ። «ግን እዚህ ‹ጳጳስ› የሚለው ላይ ምን ነካዎት?» ከዚያ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበ፦ «እረኛ፤ ከበጎቹ ፊት የሚሄድ እንጂ ጀርባቸው ላይ ወጥቶ የማይጋልብ።»

«ፍቺው ነው» አለ ጀርቪስ።

«‹እረኛ› ፍቺ ነው። የቀረው ስድብ ነው። እሱን ያውጡትና እፈርማለሁ። እስከ ዓርብ ካልወጣ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ ጳጳሱ ችሎት ያልፋል። እዚያ ደግሞ ፖም እየበላ የሚያጫውትዎት ሰው አያገኙም።»

መንገድ ላይ ጀርቪስ የሚሮጥ ይመስል ነበር። ሲስሊ ቀሚሷን ሰብስባ ደረሰችበት።

«አልቆርጥም» አላት ሳትጠይቀው።

«አባዬ፣ ሌሎቹን ቃላት እንዴት እንደፈታሃቸው አስብ እስቲ። አንዱ ላይ እንኳ የራስህን ነገር አልጨመርክም። ይሄ ግን ፍቺ አይደለም፤ ቂም ነው።»

ቆመ። ፊቱ ነጣ። «እናትሽን ማን እንደገደላት ታውቂያለሽ?»

«ትኩሳት ነው።»

«ከቤታችን ባያስወጡን ትኩሳቱ የት ያገኛት ነበር?»

መልሷን ሳይጠብቅ ጥሏት ወደ ወንዙ ወረደ። ሲስሊ ቤት ገባች፤ ብዕሯን አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ደግማ አነሣች። ሂዩን አሰበች። እናቷንም አሰበች። ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅታት ሻርፗን ጣል አድርጋ ወደ ማርጀሪ ሄደች።

«ከ‹እረኛ› በኋላ ያለው ይውጣ» አለች።

ማርጀሪ አየቻት። «እሱ ነው ያለው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይገድልሻል።»

«ይግደለኛ።»

ፊደል ለቃሚው ከእርሳስ ብረት የተሠሩትን የማተሚያ ፊደላት አንድ በአንድ ነቀለ። ቀጥሎ ጭንቅላቱን አከከ። «ይሄን ሁሉ ባዶ ቦታ ብተወው የተቆረጠ ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ የሚሞላው ስጪኝ» አላት። ሲስሊ መስመሩን በጣቷ ለክታ «ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ» አለችው። ገጠመ። ፈቃዱ ተፈረመ፤ ማርጀሪም ገጾቹ ቶሎ እንዲታተሙ አዘዘች።

ጀርቪስ ያወቀው ገና ቀለሙ ያልደረቀውን ወረቀት ከመስቀያው አውርዶ ሲያነብ ነው። ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። እሱ ግን አልጮኸም።

«‹ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ› የሚለውን ማነው የጨመረው?»

«እኔ» አለች ሲስሊ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከየትም። ቦታውን የሚሞላ ነገር ነበር የፈለግኩት።»

መስመሩን በጣቱ ተከትሎ ደግሞ አነበበው። «ቃሉ የመጣበት ግሪክኛም የሚለው ይህንኑ ነው። ትክክል ነው። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።» ከዚያ ቀና ሳይል፣ «እኔን ሳትጠይቂ አደረግሽው። አሁን እቤት ስትገቢ ስትወጪ ማየት አልችልም፤ ወደዚያ ሸራ ሰፊሽ ሂጂ» አላት።

ሄደች። ሰርጋቸው ያለ አባቷ ሆነ። ሂዩ ደግ ባል ወጣው። ሲስሊ ግን ቤቷ አልያዛት አለ፤ መርከበኞች ወደብ ላይ በማታውቀው ቃል ሲጣሉ በሰማች ቁጥር መርፌዋን ጥላ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ቃሉን የምትነግረው ሰው እንደሌላት ሲገባት ትመለሳለች።

መጽሐፉ ወጣ። የማዶው ሰውዬ ቀድሞ ነበር፤ ቢሆንም የጀርቪስም ተሸጠ፤ በተለይ ሴቶች ወደዱት። ብርዱ ሲገባ ጀርቪስ በጀልባ ግሬቭዘንድ መጣ። የተጠረዘ አንድ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላትና አልከፈተውም።

«ቤቱ ጭር ብሏል» አላት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ሂጂ ያልኩሽ በንዴት ነው።»

«እኔም መስመሩን ያስወጣሁት ስለ ሂዩም ብዬ ነው። ላንተ ብዬ ብቻ አይደለም።»

«ይህንን መቼ አጣሁት» አለ። የቀረበለትን የዓሣ ሾርባ ቆሞ ጀመረ፤ ሂዩ ወንበር ሲስብለት ግን ተቀመጠ።

አብራው እንድትመለስ አልጠየቃትም፤ ብትጠየቅም አትሄድም ነበር። በማግሥቱ ውኃው ሲሞላ ጀልባው ይዞት ሄደ። ሲስሊ ዳር ቆማ ሸኘችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ የተጀመረውን ሸራ ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ እስከ ቀትር ድረስ ግን አንድ ስፌት አልገፋላትም።