የዋልነት አቧራ

በረዶው ሲገባ ልጄ ዌንደል ማሽኑን ከጋራዡ አንስቶ ልብስ ማጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ከተተው። ጋራዥ ሲቀዘቅዝ ዋልነት የሚባለው የዛፍ ለውዝ ቅርፊት እርጥበት ይይዝና የጥይቱን የናስ ቀለህ አይወለውልም ይላል። ማሽን ያልኩት ባልዲ የሚያክል ነገር ነው፤ የተተኮሰ ቀለህ ከተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ጋር ይጨመርበትና እየተንቀጠቀጠ ሲያሽ ይውላል። ሲበቃው ሁሉም ወንፊት ላይ ይገለበጣል። ቅርፊቱ ከሥር ይወርዳል፣ ቀለሁ እያበራ ይቀራል፤ እንደገና ባሩድ ጎርሶ ለአጋዘን አደን ይደርሳል። እዚህ ሞንታና ይህን የማያደርግ ወንድ ብርቅ ነው። ሟቹ ባሌም ያደርግ ነበር፤ እሱ ግን ደጅ ወጥቶ፣ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚነፋው።

ዌንደል የሚነፋው በፓስታ ማጥለያዬ ነው። ያውም ሴት ልጁ ጁኒ ወለሉ ላይ እየዳኸች።

"ቢያንስ በሩን ዝጋው" አልኩት።

"እማዬ፣ አንቺ እንደሆንሽ አቧራ ይገድላል እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። ይኸው አለሁ።"

"የዋልነት አቧራ ግራጫ ነው እንዴ? ከጥይቱ የወጣ መርዘኛ እርሳስ ነው።"

"ሽኮኮ የሚበላው ፍሬ ቅርፊት ነው። የሞተ ሽኮኮ አይተሻል?"

ጁኒ ማሽኑ ካላጉረመረመ እንቅልፍ አይወስዳትም። አባቷ ያበራ ቀለህ ይመርጥና አፉ ላይ አድርጎ ያፏጭላታል፤ እሷ ትቀበለውና ትጠባዋለች። እኔ እነጥቃታለሁ፤ ታለቅሳለች፤ እሱ ሌላ ይሰጣታል። ክረምቴ እንዲህ አለፈ።

በረዶው ሲቀልጥ ምራቴ ካሪን ልጅቷን ክሊኒክ ወሰደቻት። ስትመለስ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

"ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ" አለች። "ቤታችሁ የድሮ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

እኔ አፌን ሳልከፍት ዌንደል ቀደመኝ። "የመስኮቱ ቀለም ነው። የድሮ ቀለም እርሳስ አለው። እማዬን እንፋቀው ብዬ ስንቴ ለመንኳት።"

አንድ ቀን እንኳ ብሎኝ አያውቅም። ፊቱን አየሁት፤ አላየኝም።

የካሪንን እጅ ይዤ ከማሽኑ በላይ ወዳለው መደርደሪያ ወሰድኳት። በጣቴ ጠረግሁና ግራጫውን አቧራ አሳየኋት። ጣቴን አየች፤ ዞራም ባሏን አየች።

"አባባ ዕድሜ ልኩን ሲሠራው ኖረ፤ የገደለው ግን ልቡ ነው" አለ እሱ፣ እየሳቀ።

"እማማ፣ አይቀየሙኝ" አለች ካሪን። "ስለ ጥይት የሚያውቀው እሱ ነው።"

"ስለ ጥይቱ እሱ ይወቅ። ወለሉን የማጥበው ግን እኔ ነኝ።"

አልሰማችኝም፤ ወይም መስማት አቃታት። ከቀለሙ እንሽሽ ብለው ከወንዙ ማዶ አዲስ የተሠራ ቤት ተከራዩ። ሊሄዱ ሲሉ ማጥለያዬን ፍሪዘሩ ውስጥ ከአጋዘን ሥጋው ሥር ደበቅሁት፤ መንፊያ ካጣ ይተወዋል ብዬ። ፒክአፑ ላይ መጀመሪያ የጁኒ አልጋ ወጣ። ከአልጋው ጎን ማሽኑ ተቀመጠ፣ እንዳይጫጫር በጁኒ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ።

"ማሽኑን እንኳ ለኔ ተዉልኝ" አልኩ።

"ደጅ ነው የማደርገው ብሎኛል" አለች ካሪን።

ከሄዱ ወዲህ የመስኮቶቹን ቀለም በሙሉ አስፋቅሁ። ከዚህ በኋላ ማመካኛ አያገኝም አልኩ።

ትናንት ዌንደል ደወለ። ከድምፁ ኋላ ያ ጉርምርምታ ይሰማል።

"ጁኒስ?"

"ተኝታለች። ታውቂያት የለ፣ ድምፁ ያስተኛታል።"

"ደጅ አይደለህም እንዴ?"

"ዝናብ ነው እማዬ።"

"በምንድን ነው የምትነፋው?"

"ካሪን አዲስ ማጥለያ ገዛች። አትጨነቂ፣ የዚህ ቤት ቀለም አዲስ ነው።"

የእኔ ማጥለያ አሁንም ከሥጋው ሥር ነው። አላወጣሁትም፤ ፓስታ የሚበላልኝ የለም።