ሆደ ነጭ

እኔ አድማሴ ስቆጣ አላምርም። ይህን አገር ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የሚካኤልን ደን ስጠብቅ፣ እንጨት ሊሰርቅ የገባ ሰው ከዱላዬ ይልቅ ምላሴን ነው የሚፈራው። «አድማሴ ከሚሰድብህ ዳኛ ይፍረድብህ» ይላሉ። ይበሉ! ደኑ ግን ቆሟል። የእኛ ቀበሌ ከቡሬ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ጤፍና በቆሎ ሆኗል። የድሮው ጫካ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑን ከብቦ ብቻ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ዶክተር ንጋት የምትባል የዕፅዋት ምሁር ከአዲስ አበባ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ደኑን ስታስስ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ከቤተልሔሙ ጀርባ ስትደርስ ጮኸች። እኔማ እባብ መስሎኝ ዱላዬን ይዤ ሮጥኩ። ለካ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል ቁጥቋጦ ፊት ቆማ ነው።

«ግራዋ ነው እኮ፣ ዶክተር» አልኳት።

«የግራዋ ዘመድ ነው፣ አባባ አድማሴ። ግራዋ ግን አይደለም» አለችና ቅጠሉን ገልብጣ አሳየችኝ። የቅጠሉ ጀርባ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ስንት ዘመን በአጠገቡ ሳልፍ አንድ ቀን ገልብጬ አላየሁትም።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሱፍም፣ ኑግም፣ አደይ አበባም፣ ግራዋም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው አለች። ይህም ከዚያው ቤት ነው፤ የማን ወንድም፣ የማን ያጎት ልጅ እንደሆነ ግን የሚለየው በአበባው ነው። አበባው ደግሞ ረግፎ ነበር። ከዚህ በፊት ምሁራን በሁለት ጫካ ሳያብብ አይተውት ነበር፤ ሁለቱም ጫካ ተመንጥሯል። «እኛ እስከምናውቀው የቀረው ይህ ብቻ ነው። ይህ ከሞተ ዘሩ አለቀ ማለት ነው» አለችኝ።

«እባክዎ ለማንም አይንገሩ። ብርቅ ነው ከተባለ ሰው መድኃኒት ነው እያለ ቆርጦ ይጨርሰዋል። በመጪው ኅዳር ሲያብብ ብቻ ይደውሉልኝ።»

በሚካኤል ማልኩላት። መሐላዬንም ጠበቅሁ። በበጋ በጀሪካን ውኃ እያመላለስኩ አጠጣሁት፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ሄጄ አየዋለሁ። ለቄሱ አልተናገርኩም። ለሚስቴ ለያምሮት እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ሴት ምስጢር አትይዝም እያልኩ እኮ ነው፤ ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

ኅዳር 1998 ገባ፣ ዛፌም ሐምራዊ እምቡጥ አወጣ። በሦስተኛው ቀን እምቡጡ ሲፈነዳ ማለዳ ተነስቼ ቡሬ ቴሌ ወረድኩና ደወልኩ። «ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ!» ብላ ደስታዋን አልቻለችውም። እኔም እንደ ጎረምሳ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ቤተልሔሙ ጀርባ ሄድኩ።

ዛፉ የለም። ከጉልበት በላይ ያለው ሁሉ በማጭድ ተቆርጧል። ነጭ ጉቶ ብቻ ቀርቷል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «ሚካኤል፣ ዓይንህ እያየ?» አልኩት። ኋላ ግን ንዴቱ መጣ፤ እኔ ንዴት ካልመጣብኝ እግሬ አይነሳም። በመንገዱ ላይ የተንጠባጠበውን ቅጠል እየተከተልኩ ወረድኩ። ቅጠሉ እማማ ቻይነሽ ግቢ አደረሰኝ። እማማ ቻይነሽ ከአዊ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ለኅዳር ሚካኤል የሚጠመቀው ጠላ ሁልጊዜ የሚሰናዳው በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ሴቶቹ ጋኖቹን አጋድመው በቅጠል እያሹ ያጥባሉ። የሚያሹበት ቅጠል የእኔው ነው! ሚስቴ ያምሮት ደግሞ እስከ ትከሻዋ ጋን ውስጥ ገብታለች።

«ማን ቆረጠው?» ብዬ ጮህኩ። «ዘሩን ያጠፋችሁ እናንተ ናችሁ! በምድር ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነበር!»

ሴቶቹ ተያዩ። እማማ ቻይነሽ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ቀረቡኝ።

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። የሚካኤልን ጋን በሚካኤል ቅጠል ማጠብ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው? ዘንድሮ ጋኑ በዛ፤ የጓሯችን አልበቃ አለን።»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። በዚያ ንዴት እንኳ እሳቸውን አንቺ ማለት አልደፈርኩም፤ ስድቡንም በአክብሮት እያዘጋጀሁ ሳለሁ ነው ያሉት ነገር ጆሮዬ ውስጥ የገባው።

«የምን ጓሮ ነው የሚሉት?»

«የጓሯችን ሆደ ነጭ ነዋ!» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቱኝ።

በአጥሩ ጥግ ለጥግ ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ተሰልፏል። አንዱን ቅጠል ገለበጥኩት። ነጭ ነው። ሁለተኛውን ገለበጥኩ። ነጭ። ኧረ የጉድ አገር! ሴቶቹ እንደሚሉት ግራዋ ጋኑ ላይ ምሬት ይተዋል፤ ሆደ ነጭ ግን የጋኑን መጥፎ ጠረን ያጠፋል። ከእናት ለልጅ ቅርንጫፉ እየተሰጠ በየቤቱ ተተክሏል። ለየበዓሉ ገና በለጋው ስለሚቆርጡት አያድግም፣ አያብብም፤ ስለዚህ ያን ረጅሙን፣ የሚያብበውን ዛፍ የሚመስል ነገር የለውም። ጋን የማያጥብ ወንድ ደግሞ ከየት ያውቀዋል? እኔ የማውቀው ጠላውን ነበር።

«እኛ ቤትስ አለ?» ብዬ ያምሮትን ጠየቅኋት።

«ከበጎቹ በረት ጀርባ ሰባት እግር አለ» አለች ዓይን ዓይኔን ሳታይ።

እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው እንባዬ መጣ። ዘሩ አልጠፋም! አንድ ዓመት ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር አስደነገጠኝ። «አበባውስ? ያለ አበባው እኮ ወገኑ አይታወቅም!»

«አበባውማ ጋኑን መራራ ያደርገዋል፤ ቀንጥሰን ጣልነው» አሉ እማማ ቻይነሽ በንቀት። ከግድግዳው ሥር ተከምሮ አገኘሁት፤ ገና አልጠወለገም። ሰፌድ ተውሼ አንድ በአንድ ለቅሜ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። ያን ለት ከመልአኩ ቀጥሎ ያመሰገንኩት የሴቶቹን ስንፍና ነው፤ ጠርገው ቢጥሉት ኖሮ አብቅቶልኝ ነበር።

ዶክተር ንጋት በሰዓቷ ደረሰች። ጉቶውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ እኔም ቶሎ ብዬ ወደ ጓሮዎቹ ወሰድኳት። ከቤት ቤት እየዞረች ስትቆጥር ሥልሳ ሦስት እግር አገኘች። አበባውን በጋዜጣ መካከል አድርጋ ተጫነችው፤ በማጉያ መነጽር ስታየው ቆየችና «የግራዋ ወንድም አይደለም፣ ያጎት ልጅ ነው!» ብላ እኔን ሽማግሌውን አቀፈችኝ። ጉቶውም እንደማይሞት እማማ ቻይነሽ ነገሯት፤ ሆደ ነጭ ሲቆርጡት ነው የሚበረታው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ዶክተሯ ለሴቶቹ። «ለማንም አይንገሩ ከማለት እናንተን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ከዚያ ለመነቻቸው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ እግር ሳይቆርጥ ይተው፣ አብቦ ዘር ይስጥ። እማማ ቻይነሽ ትንሽ አሰቡና «ከየቤቱ አንዷ የሚካኤል ትሁን። የእሱ ከሆነች ማጭድ አይነካትም» ብለው ፈረዱ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ ከቄሱም ከወረዳውም ማኅተም በላይ የሆነ ውሳኔ ነው።

ከዶክተሯ ጋር ተሰናብተን ከያምሮት ጋር ወደ ቤት ስንሄድ፣ ሚስቴ መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆመች።

«አድማሴ፣ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ትሄድ የነበረው ወደዚህ ቅጠል ነው?»

«ታዲያ ወዴት ልሄድ?»

«ሌላ ነገር የለም? በሚካኤል?»

«በሚካኤል! ምን ነክቶሻል?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ እኮ ሴት መስሎኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ትጠፋለህ፣ ስጠይቅህ ትቆጣለህ፣ ማታ ደግሞ እያፏጨህ ትመጣለህ። ሚካኤል ልብህን እንዲመልስልኝ ሦስት ጋን ጠላ ተሳልኩ። ሳይደርስልኝም አስቀድሜ ከፈልኩት፤ እሱም አፍሮ እንዲሰማኝ ብዬ።»

ሦስት ጋን። ዘንድሮ ጋኑ የበዛው፣ የጓሮው ቅጠል ያልበቃው፣ ማጭድ ይዘው ደኑ ውስጥ የገቡት ለዚያ ነው። ያን ዛፍ የቆረጥኩት ለካ እኔው ራሴ ነኝ፤ አፌን በመዝጋቴ።

«ይቅር በይኝ፣ ያምሬ» ብቻ አልኳት። እሷም እንባዋን ጠርጋ አየችኝና «ቅጠል!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። «ለቅጠል ነው ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት!» እየሳቀች እጄን ያዘች፤ በአደባባይ እጄን ስትይዝ ከሠርጋችን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።