የሰባተኛው ቀን በርበሬ

«ቃርያ አላልኩም እህቴ፤ ደረቅ በርበሬ ነው» አለች ሙሚና፣ የተዘረጋላትን ጭብጥ ሙሉ ቃርያ በእጇ ጀርባ ገፋ አድርጋ።

«ደረቁም ሞልቷል፤ ይኸውልሽ።»

«ከየት የመጣ ነው?»

ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። በዚህ ገበያ ስትቀመጥ «ያቃጥላል ወይ?» «ዋጋው አልቀነሰም ወይ?» የሚላት እንጂ የበርበሬን አገር የጠየቃት ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

«ከጎጃም ነዋ!»

«ከዚሁ ከመቀሌ ዙሪያ የበቀለ የለሽም?»

«ዋይ ኣነ! በርበሬ እኮ ነው የምትገዢው፤ ልጅሽን ልትድሪለት ነው እንዴ አገሩን የምትጠይቂው?»

ይህች ስድስተኛዋ ሻጭ ነበረች። ከእሷ በፊት የተጠየቁት አንዷ ከማረቆ፣ አንዷ ከራያ፣ ሌላዋ ደግሞ «እኔ እንጃ፣ ከመኪና ላይ ነው የምንረከበው» ብለዋታል። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶች ይመጣሉ። ለእንግዶቹ የሚቀርበው ጥሕሎ ነው፤ የገብስ ድብልብሉ ደግሞ ማጥቀሻ ቀይ ወጥ ይፈልጋል። ሙሚና ሰባት ዓመት ያበሰለችበት የሠራተኞች ክበብ የእሷ ይሁን ወይስ የሌላ ሰው፣ የሚለየው በዚህ ምሳ ነበር። ይህን እያሰበች የተደረደሩትን ጆንያዎች ታልፋለች፣ ትመለሳለች፣ የጠየቀችውን ደግማ ትጠይቃለች። እግሯ አንድ ቦታ አልቆም ብሏታል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ሓወልቲ አካባቢ ያለው የዘር አባዢዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ኣለምሰገድ፣ ከሥልጠና በተመለሰ ማግሥት ሠራተኛውን ሰበሰበና «ገበሬውን የራስህን ብላ እያልን፣ እኛ የሰው አገር ፓስታ እየበላን እስከ መቼ?» አለ። ከቅዳሜ እስከ ዓርብ፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ከመቀሌ ዙሪያ በአምሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ የበቀለ ብቻ እንዲበላ ተወሰነ። ሁሉም አጨበጨበ። ማጨብጨብ መቼም አያስርብም።

ጭብጨባው ሳይበርድ ጣጣው መጣ። ስኳር ወጣ፣ ዘይት ወጣ። ሻይና ቡና ሲወጡ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ተንጫጩ። እርድ እንኳ አገሩ ሩቅ ነው ተብሎ ወጣ። ጨው ላይ ሲደርሱ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ኣለምሰገድ «ደንቡ የሚለው የበቀለ ነው። ጨው አይበቅልም፤ ስለዚህ ጨው ነፃ ነው» ብሎ ፈረደ። በሩ አጠገብ ቆማ የምትሰማው ሙሚና አልሐምዱሊላህ አለች።

ስብሰባው ሲበተን ኣለምሰገድ ጓዳ ድረስ መጣ።

«ሙሚና፣ ይህ ሳምንት በአንቺ እጅ ነው። ዓርብ ዕለት የሚረዱን ሰዎች መጥተው ከእኛ ጋር ይበላሉ። ካማረልን ክበቡ ለጨረታ አይወጣም። በስምሽ እንዲሰጥሽ ለቦርዱ የማቀርበው እኔ ራሴ ነኝ።»

በስሟ! ከሐይቅ ከተማ ወጥታ መቀሌ ከገባች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰው ቤት ሠርታለች፣ የድግስ ድስት አጥባለች፣ የሌላ ሰው ወጥ አማስላለች። እስከ ዛሬ በስሟ ያለ ነገር መታወቂያዋ ብቻ ነበር። ያን ሌሊት ሥጋቱም ደስታውም ተደባልቆባት ስትገላበጥ አነጋች።

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱ የአልጫ ሳምንት ሆነ። የባቄላ አልጫ፣ የድንች አልጫ፣ ረቡዕ ደግሞ ጾም ስለሆነ ቅቤ ያልነካው የጎመን አልጫ። ሐሙስ ላይ ሰው ሳህኑን እያየ በረጅሙ መተንፈስ ጀመረ። ከሁሉም ያልረሳችው ግን የሰኞውን ጠዋት ነው። ገብስ እስኪጠቁር ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በቡና ፋንታ አፈላች። ወጣቶቹ እየተሳሳቁ ሲቀምሱ፣ የጥበቃው ሽማግሌ ኣቦይ ሃይለ ስኒውን አሸተቱና መልሰው ሰጧት።

«ጓለይ፣ ይቺን አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠጥቻታለሁ። ያኔ ያጨበጨበልን ሰው አልነበረም።»

ሙሚናም ታውቃታለች፤ ያኔ እሷም እዚሁ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሳቸው ብቻ ትኩስ ውሃ በማር ታቀርብላቸዋለች።

ኣለምሰገድ የእንግዶቹን ምሳ ለዓርብ ሲቆርጥ ጾም መሆኑን ረስቶታል። ያስታወሰችው ሙስሊሟ ሙሚና ናት። በሥጋ ወጥ የታሰበውን ጥሕሎ በሽሮ አስለወጠችው፤ ሽምብራው ከሕንጣሎ ተገኘ፣ በዘይት ፋንታ ተልባ ፈጭታ አዘጋጀች። የቀረው በርበሬው ነበር፤ እሱን «ገበያ አይጠፋም» ብላ ለመጨረሻው ቀን ማስተላለፏ አሁን ክፉኛ ቆጫት።

ገበያው ጥግ ላይ ሽንኩርት የሚያከፋፍለው ጀላሉ የአገሯ ልጅ ነው። ስትመላለስ ቆይቶ አያትና ጠራት።

«እንዴው ምን ሆነሽ ነው ገበያውን እንዲህ የምትዞሪው?»

«ከዚህ የበቀለ በርበሬ አጣሁ ጀላሉ። ወላሂ ላብድ ነው።»

«የዚህ አገሩ እኮ ገና ማሳ ላይ ነው፤ አልቀላም። ከጎጃሙ ግዢና ዝም በይ። በርበሬ አፍ የለው፣ አገሬ እዚያ ነው አይልብሽ።»

«አምሳ ኪሎ ሜትር ነው የተባልነው።»

ጀላሉ ከልቡ ሳቀ። «አንቺስ ስንት ኪሎ ሜትር ነሽ?»

ሌላ ቀን ቢሆን አብራው ትስቅ ነበር። ዛሬ ጥላው ሄደች፤ ባጃጅ ያዘችና ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቷ በረረች። መንገዱን ሙሉ «ለማየት ብቻ ነው፣ ስንት እንደቀረኝ ልየው ብዬ ነው» እያለች ራሷን ታታልላለች።

የበርበሬዋ ቆርቆሮ አልጋዋ ሥር ነው። ሐይቅ ያሉት እናቷ ፋንታዬ ከጓሯቸው ለቅመው፣ አድርቀው፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ደልዘው፣ ወቅጠው በየዓመቱ በአውቶቡስ ይልኩላታል። መንገዱ በተዘጋባቸው ሁለት ዓመታት ግን አልመጣም። ስልክም አልነበረም። ሙሚና ያን ጊዜ ሁሉ እናቷ ይኑሩ ይሙቱ ሳታውቅ ነው የከረመችው። መንገዱ ተከፍቶ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲደርስ ከፍታ አሸተተችና፣ መሬት ቁጭ ብላ እስኪወጣላት አለቀሰች። እናቷ አሉ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን በርበሬ በማንኪያ ጫፍ ነው የምትነካው፤ ለጎረቤት እንኳ ሰጥታ አታውቅም።

ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል። ቆርቆሮውን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

በክበቡ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በየቀኑ የሚቀርበው ምግብና የበቀለበት ቦታ በጠመኔ ይጻፍበታል። «ገብስ፦ ውቅሮ። ሽምብራ፦ ሕንጣሎ። ሽንኩርት፦ ኩሓ። ውሃ፦ ዓይናለም።» ውሃውን የጨመረው ኣለምሰገድ ነው፤ ዝርዝሩ አጥሮበት ይሆናል።

በርበሬው ከሽንኩርቱ ጋር ሲቁላላ ሽታው ከጓዳ አልፎ ቢሮዎቹ ድረስ ገባ። ኣለምሰገድ እየሮጠ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው! በርበሬ አገኘሽ እንዴ?»

«አገኘሁ።»

«ከየት?»

ማማሰያውን ጨበጥ አደረገች። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ከዓይናለም። አንዲት ሴትዮ አሉ፣ ጓሯቸው የሚያበቅሉ።»

ግማሹ እውነት ነው። ጓሯቸው የሚያበቅሉ ሴትዮ አሉ። ኣለምሰገድ ደስታው ልክ አጣ፤ ራሱ ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ «በርበሬ፦ ዓይናለም» ብሎ በትልልቁ ጻፈ። ሙሚና አስተግፊሩላህ አለች፤ በጁምዓ ቀን ዋሸች። ከዚያ በኋላ ጭልፋ ከእጇ ወደቀ፣ ክዳን ጠፋባት፣ ወጡን ሁለት ጊዜ ቀምሳ ጨው ማድረጓን ሁለቴም ረሳችው። ሦስት ጊዜ ወጥታ ሰሌዳውን አየች። ጽሑፉ እዚያው ነው።

እንግዶቹ አራት ነበሩ። መሪያቸው ወይዘሮ ኣዳነች፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ሠራተኞቹ መሐል ገብተው ተቀመጡና፣ ጫፉ መንታ በሆነው እንጨት የገብሱን ድብልብል ወጋ አድርገው ቀዩ ወጥ ውስጥ ነከሩት። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንዲህ ያለ በርበሬ ከበላሁ ስንት ዘመኔ!»

«የራሳችን አፈር ነው» አለ ኣለምሰገድ ደረቱን ነፍቶ። «ከዓይናለም።»

«ከዓይናለም?» ወይዘሮ ኣዳነች እንጨቱን አስቀመጡ። «እኔ እኮ ተወልጄ ያደግሁት ዓይናለም ነው። ውሃዋን እንጂ በርበሬዋን አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ዘር ካለማ መባዛት አለበት! ከምሳ በኋላ ማሳውን አይተን እንመለስ፤ መኪናውም እደጅ ቆሟል።»

ኣለምሰገድ ፊቱ በርቶ ጓዳ ገባ።

«ሙሚና፣ ተሳካልን! የሴትዮዋ ስም ማን ነው? ደውይላቸው፤ እየመጣን ነው በያቸው።»

«እደውላለሁ» አለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ድስቶቹ መሐል ቆማ ጀላሉ ጋ ደወለችና፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ለዚህ ነው እንዴ የምትንቀጠቀጪው?» አለ ጀላሉ። «ዓይናለም ቃርያ የምታመጣልኝ ሴት አለች። ጥሩ ሰው ናት፣ አታሳፍረኝም።»

«ማሳውን ሲያዩትስ?»

«ቀድሞ የደረሰውን ለቅሜ አድርቄዋለሁ ትላቸዋለቻ። አንድ ቃል እኮ ነው። በርበሬው የማን ነው ሲሏት፣ የእኔ ነው ትላለች፤ አለቀ።»

ቆርቆሮው ምድጃው አጠገብ ተከፍቶ ቆሟል። በውስጡ የቀረው ለሁለት ወጥ ቢበቃ ነው።

«የእኔ ነው ትላለች?»

«ትላለች። ልደውልላት?»

የማታውቃት ሴት ወይዘሮ ኣዳነች ፊት ቆማ «የእኔ ነው» ስትል ታየቻት፤ እናቷ ደግሞ ሐይቅ ጓሯቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ አሉ ወይ ስትል የኖረችው ለእኚህ ሴት ነው። አሁን መኖራቸውን ካወቀች በኋላ እሷው ራሷ ልታጠፋቸው ነው እንዴ?

«ሙሚና? አለሽ?»

«ተወው ጀላሉ። አትደውል።»

ስልኩን ዘጋች። ክበቡን አሰበች፣ በስሟ የሚሆነውን ክበብ፣ ስታስበውም በጣም አሳዘናት። እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወጣች። በጠረጴዛዎቹ መሐል አልፋ በሩ ላይ ወደተሰቀለው ሰሌዳ ሄደች፤ የውሃውን ዓይናለም ትታ የበርበሬውን ዓይናለም ጠረገች። ጠመኔውን አነሳችና በጠረገችው ቦታ ላይ ጻፈች፦ «ሐይቅ። ከፋንታዬ።»

ኣለምሰገድ የነከረውን ሳይጎርስ እንጨቱ በእጁ ቀረ። ወጡ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል።

«ፋንታዬ ማን ናቸው?» አሉ ወይዘሮ ኣዳነች።

«እናቴ ናቸው። ዓይናለም ያልኩት ውሸቴን ነው፤ አቶ ኣለምሰገድ አያውቁም፤ እሳቸውንም ያታለልኩት እኔ ነኝ።»

ኣለምሰገድ አላያትም። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል። አንድ ወጣት ሳቅ አለና ማንም ስላልተከተለው ተወው። ከበሩ ጥግ ኣቦይ ሃይለ ባዶ ሳህናቸውን እንደያዙ ሰሌዳውን ቀስ ብለው አነበቡ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳህናቸው ባዶ ሆኖ ሲታይ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

«ሐይቅ» አሉ ወይዘሮ ኣዳነች፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሐይቅ ከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ሩቅ ነው» አለች ሙሚና። «መንገዱ ግን ተከፍቷል።»

ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ከኣቦይ ሃይለ እጅ ሳህኑን ተቀብላ፣ ወጥ ልትጨምርላቸው ወደ ጓዳ ገባች።