ኑግ የጠጣች ወፍጮ

መካነ ብርሃን ላይ ብርድ የማያውቀው ነገር ቢኖር የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ሞተር ብቻ ነበር። ክንዱም ከአጠገቡ አይጠፋም። የወፍጮ ቴክኒሻን ሆኖ ከጎንደር ከተመደበ ወዲህ የልቡን የሚያጫውተው ሰው አላገኘም፤ ሰዉ እህሉን ያስፈጫል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ባለቤቱ መንበረ ጎንደር ቀርታ መውለጃዋን ትጠብቃለች። ወሬዋን የሚያደርስለት ናፍጣ የሚያመላልሰው ሹፌር ቢሻው ብቻ ነው።

ቢሻው ልማድ አለው። ከገደሉ ማዶ ባለው መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል። ወፍጮዋ ዝም ካለች ናፍጣ አልቋል ማለት ነውና ዞሮ ይመጣል። ከጮኸች በርሜሉን ለሌላ ቀበሌ ይዞ ያልፋል። በዚያ የጦርነት ጊዜ ማን ያለ ጉዳይ ዳገት ይወጣል?

መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተና ናፍጣው ተሟጠጠ። ክንዱ መቀመጥ አልሆነለትም። ወፍጮዋ ካልሠራች ደጁን የሚረግጥ የለማ! ከማኅበሩ ሱቅ የኑግ ዘይት አስመጣ። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲሠራ እንዲሞቅ ቆርቆሮውን ከጭስ ማውጫው ከማርሚታው አስጠጋው። ጠዋት ከበርሜሉ ሥር በቀረችው ናፍጣ ሞተሩን አስነሣና ዘይቱ ሲሞቅ ወደ ኑጉ አዞረው። ሞተሩ ትንሽ ሳለ፣ ከዚያ ተስተካከለ። ጥቁር ጭሱም ሳሳ። ክንዱ በደስታ አጨበጨበ፤ ብቻውን።

አንድ ጣጣ ግን አለው። ኑግ ሲቀዘቅዝ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቅና ሞተሩ ዳግም አይነሣም። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት በናፍጣ መታጠብ አለበት፤ ናፍጣ ደግሞ ጠብታ የለም። ስለዚህ ዘይቱ እስካለ ድረስ ማጥፋት የለም።

እኩለ ቀን ላይ ከወፍጮው በታች የሚኖሩት አሮጊት፣ ወለተ ሚካኤል፣ ገብሳቸውን ተሸክመው እየሳቁ መጡ።

«ምነው ክንዱዬ፣ በፍስኩ የፆም ወጥ ትሠራ ጀመር?»

«ሽታው ሸጋ አይደለም እማማ?»

«ሸጋስ ሸጋ ነው። ግን መንገዱ ተከፍቶ ኖሮ ያ ባለማኪናው ጠዋት ከማዶ ቆሞ ሲጣራ ነበር። ‹ለክንዱ ንገሩት፣ መንበረ› ሲል ሰማሁ። የቀረውን ይቺ ወፍጮህ በላችው።»

«ተገላገለች አለ?»

«እኔ እንጃ ልጄ።»

«ፊቱስ? ይስቅ ነበር?»

«ከማዶ ፊት ይለያል እንዴ?»

ቢሻው ከሰዓት በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ ገደሉን ወርዶ ለመውጣት ግን ግማሽ ቀን አይበቃም። ክንዱ ወረፋ የያዙትን ሴቶች አየ። ሞተሩን አየ። ዘይቱን ዘጋው።

«ምነው፣ ምን ነካህ!» አሉ ሴቶቹ። ወፍጮዋ አቃስታ ዝም አለች።

ክንዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ከማዶ ብቅ አለ።

«ቢሻው! መንበረ ምን ሆነች?» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ሴቶቹም አንጀታቸውን በላውና ነጠላቸውን አውለበለቡለት።

ቢሻው ግን ጠዋት ወፍጮዋን ሰምቷታል፤ አሁን ምን ብሎ ሞተር አጥፍቶ ያዳምጣል? ሰላምታ መሰለው። በመስኮት እጁን አውጥቶ አወዛወዘ፣ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ፣ ከኩርባው ጀርባ ተሰወረ።

«ወለደች ማለቱ ይሆናል» አሉ ወለተ ሚካኤል ቀስ ብለው።

ክንዱ ዞሮ ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባ። ገብተው ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኙት፤ እጁን ጭኖበታል። ሞተሩ ገና ይሞቅ ነበር። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከዚያ አልተነሣም።